ከምሰሶው ሥር

ጥቅምት 9
ዝናብ። የሞንዴጎ ወንዝ ሞልቷል፤ እግሬን ቁርጥማት ይዞታል። ዛሬም ስለ ጦርነት ሕግ ማስተማሬን ቀጠልኩ። እኔ ሳነብ ተማሪዎቹ ቃል በቃል ይጽፋሉ... ትንሽ ከፈጠንኩ እንደ ልማዳቸው ወለሉን በእግራቸው ይደበድቡታል። ዱርዬዎች! ደወል ደዋያችን ቶሜ ደወሉን ሲደውል ወጥቼ ምሰሶው ሥር ቆምኩ። የኮይምብራ ትምህርት ቤታችን ደንብ ነው፦ መምህር ከትምህርት በኋላ ደጅ ካለው ምሰሶ ሥር ቆሞ የተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል። ቁርጥማት ምክንያት አይሆንም።

ጥቅምት 14
ቶሜን ሊወስዱት ነው። ጌታው፣ ያ ለትምህርት ቤታችን ስንዴ የሚሰጠውና ቶሜንም ያዋሰን ነጋዴ፣ ወደ ብራዚል በሚሄድ መርከብ ሊጭነው አስቧል። ቶሜ ግን ዳኛ ዘንድ ሄዶ "ነፃ ሰው ነኝ" ብሎ ከሰሰ። ጉድ! ይሄን ልብ ከየት አመጣው? ነጋዴው ደግሞ "በትክክለኛ፣ ንጉሥ ባወጀው ጦርነት የተማረከ ባሪያ ነው" ይላል። ዳኛው እስከ ቅዱስ ማርቲን በዓል ማግስት፣ እስከ ኅዳር 3፣ ጊዜ ሰጥቷል። ምርኮውን የሚያጠራጥር ነገር ካልቀረበ ቶሜ ይጫናል።

ጥቅምት 15
ቶሜ ጠዋት አዳራሹን ሲጠርግ አገኘሁትና ላጽናናው ሞከርኩ። መጥረጊያውን አቆመ።

"ጌታዬ፣ ደጅ ቆሜ ላቲኑን ለቃቅሜያለሁ። 'ባሪያ የሚገዛ ሰው ባሪያው እንዴት እንደተያዘ ይመርምር' እያሉ አሥራ ሁለት ዓመት ሰማሁዎት። እኔን ለምን አልመረመሩኝም?"

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደወሌን የደወለልኝ ሰው! አፈርኩ። ጥዬው ወጣሁ... ፈሪ።

ጥቅምት 20
አለቃችን አባ ሲማው አስጠሩኝ። ነጋዴው ጆሯቸውን ሞልቶታል።

"ስለዚህ ጉዳይ ከወንበርህ ላይ ትንፍሽ እንዳትል። ለዳኛም እንዳትጽፍ። ምሰሶው ሥር ቢጠይቁህም እንዳትመልስ።"

"ደንቡስ አባ?"

"ደንቡን ለእኔ ተወው! የሰውየውን ስንዴ እየበላህ ነው የምትከራከረኝ?"

"ሆዴማ ዝም ብሏል አባ። ህሊናዬ ነው እምቢ ያለኝ።"

በሩን አሳዩኝ። ደሜ ፈልቷል። ለመታዘዝ ምያለሁ፤ መሐላዬን አላፈርስም። ሰው ሲሸጥ እያየሁ ዝም ልበል ብዬ ግን መቼ ማልኩ?

ጥቅምት 28
አልናገር። አልጻፍ። አልመልስ። እሺ... እንዳልጠይቅ የከለከለኝ ግን አለ?

የለም!

ኅዳር 1
ቶሎ ልጻፈው።

ቶሜ ደወሉን እንደደወለ ክንዱን ይዤ ምሰሶው ሥር አቆምኩት። እኔ ተማሪዎቹ መሐል ገባሁ። ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ያ ከብራጋ የመጣው ቀልደኛ ተማሪ፣ ዱዋርቴ ፓሼኮ፣ "አዲሱ መምህር መጡ! ካባ አምጡላቸው!" ይላል።

"አፍህን ዝጋና ጻፍ" አልኩት። ምሰሶው ሥር የተባለ ሁሉ ይጻፋል፤ ለምደውታል። ብዕሩ ሁሉ ወጣ።

"ቶሜ፣ በየትኛው ጦርነት ተማረክህ?"

"ምን ጦርነት? ከእህቴ ጋር ጨው ልንገዛ ወጥተን ነው። መንገድ ላይ ያዙን።"

"ጦርነቱን ያወጀው ንጉሥ ማን ነው?"

"ንጉሥ አላየሁም። ገመድ ነው ያየሁት።"

"የገዙህስ እንዴት እንደተያዝክ ጠየቁህ?"

"ጥርሴን አዩ።"

"እኔስ?"

ቀና ብሎ አየኝ። "እርስዎም ገና ዛሬ ነው።"

ሳቁ ቆመ። "ይህንንም ጻፉ" አልኳቸው።

ኅዳር 3
በዓሉ አለፈ። ፓሼኮ አርባ ደብተር ተሸክሞ ዳኛው ዘንድ ገባ፤ ግማሹ ደብተር በበዓሉ አዲስ ወይን ጠጅ ተበክሏል። ዳኛው አነበበና ያንኑ ጥያቄ ነጋዴውን ጠየቀው። በየትኛው ጦርነት? ማን አወጀው?

"እኔ ገዛሁት እንጂ ምን አውቃለሁ!" አለ ነጋዴው።

በገዛ አፉ! መርከቡ ያለ ቶሜ ሄደ።

ኅዳር 4
አባ ሲማው ጮኹብኝ። "ጠየቅኩ እንጂ አልመለስኩም አባ" አልኳቸው። "አትቀልድብኝ!" አሉ። ወንበሬ ተነጠቀ። ተራራ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ሄጄ ለሕፃናት ሰዋስው እንዳስተምር ታዘዝኩ... ይሁን። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

ኅዳር 12
ጓዜን ሸክፌያለሁ። ደወሉን ሌላ ሰው ይደውለዋል፤ ሰዓቱን አያውቅም።

ቶሜ ሊሰናበተኝ መጣ። ነፃ ነው የሚለው ፍርድ በእጁ ነው። እስከ ዛሬ "ጌታዬ" ነበር የሚለኝ፤ ዛሬ "አባ ግሬጎሪዮ" አለኝ።

"እህትህስ?" አልኩት።

"እሷን የጫናት መርከብ ሌላ ነው።"

አርባ ደብተር ሙሉ አስጽፌ ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም!

"ስሟ ማን ነው?"

"ንሲምባ።"

ንሲምባ። እዚህ ጻፍኩት።

ነገ በበቅሎ እወጣለሁ። ያ ተራራ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ምሰሶ የለውም አሉኝ። ግንድ አስቆርጬ ደጁ ላይ አስተክላለሁ። መጀመሪያም እዚያ አቁሜ የምጠይቀው የዚያን ትምህርት ቤት ደወል የሚደውለውን ሰው ነው።