ሽማግሌ ልከው ለማሠልጠኛ ለዳሩኝ ክቡር ዳይሬክተር

ለክቡር አቶ ስብሐት ታረቀኝ
የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር
ጉለሌ

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎን ከነመላው ቤተሰብዎ በፍጹም ጤና፣ በጥሩ እንቅልፍና በረጋ ኅሊና እንድታገኝዎ ምኞቴ ነው። ስለ ኅሊናዎ እንኳ ብዙ አልሰጋም፤ አራት ዓመት በቅርብ ሳየው አንድም ቀን ሲናወጥ አላጋጠመኝም። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እናቴና አባቴም ደኅና ናቸው፤ አባቴማ ልጁን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ መስሎት አንድ ቀን ሙሉ ደስ ብሎት ነበር።

በእጅዎ መስጠት ሲገባኝ ደብዳቤዬን በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለለጠፍኩት ይቅርታዎን እለምናለሁ። የእኔ ነገር እኔ በሌለሁበት በሽማግሌ ፊት ከተመከረበት ወዲያ በምስጢር መጻፉ ለክብርዎ የሚመጥን አልመሰለኝም። ቆመው ለሚያነቡ ሁሉ፣ እኔ እሌኒ ነኝ፤ እንጦጦ ግርጌ ካለው የእንጨት መሰንጠቂያ የሚሠራው የደበላ ልጅ። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በአንደኛነት ጨርሻለሁ። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ አንደኛ መውጣት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ታናናሾቼ አስቀድመው ይወቁት ብዬ ነው።

እንግዲህ ውለታዎን በየተራው ላንሣ።

አንደኛ፤ ምርጫው የእኔ እንደሆነ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ቢሮዎ አስጠርተው፣ አንቺ ብቻ አጥኚ እንጂ የምትገቢበትን ኮሌጅ ራስሽ ትመርጫለሽ፣ እኔ በሩን አስከፍትልሻለሁ ብለውኝ ነበር። ጓደኞቼ ለጥምቀት ጃንሜዳ ሲወርዱ እኔ ከአልጀብራ ጋር ቤት የዋልኩት ይህን ቃል አምኜ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ኮሌጆቹ የሰጡኝን አባታዊ ምክር አልረሳም። ጎንደር ሄጄ የጤና ጥበቃ ትምህርት ብማርስ ስልዎ፣ ሩቅ ነው፣ እናትሽ ብትታመም ማን ይደርስላታል አሉኝ። ሕመምተኛ መርዳት ለመማር የሚፈልግ ሰው ሁሉ እናቱ እንዳትታመም ከቤት መቀመጥ ካለበት፣ አገራችን በሐኪም እጦት የማይቸገርበትን ቀን ከእርስዎ ዘንድ ለመማር ጓጉቻለሁ። አለማያ እርሻ ኮሌጅን ባነሣ ወባ አለ አሉኝ። የጂኦግራፊ መምህራችን አለማያን ከደጋ አገር ቆጥረው ስላስተማሩን፣ ከሁለታችሁ ማንኛችሁ እንደተሳሳታችሁ መጠየቅ ነውር መስሎኝ ተውኩት። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስልዎ ደግሞ እዚያ የገባች ሴት ስታነብ ዕድሜዋ ያልፋል፣ ባልም አታገኝ አሉ፤ ለጋብቻዬ ያን ያህል እንደሚያስቡ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ኢንጂነሪንግ ኮሌጅን ግን አንዳች እንከን አላወጡለትም። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ የሚወስደውን፣ መስከረም ሲጠባ አባቴና የሰፈሩ ሰዎች እንደገና የሚሠሩትን የእንጨት ድልድይ ያውቁታል፤ የእርስዎም ተማሪዎች ይሻገሩበታል። እሱን አንድ ጊዜ በድንጋይ ሠርቼ መገላገል እፈልጋለሁ ብዬ ስነግርዎ መነጽርዎን አውልቀው ጠረጉ እንጂ ምንም አልመለሱልኝም። እኔ ሞኟ ዝምታዎን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት፤ ለእናቴም በዚያው ዕለት ማታ ኮሌጁ ተሳክቶልኛል ብዬ ነገርኳት።

ሦስተኛ፤ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ሰዎች በሒሳብ የበረቱ ተማሪዎችን ሊያዩ በመጡበት ቀን፣ ላይብረሪ ገብቼ መጻሕፍት እንድደረድር ስላዘዙኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። መጻሕፍቱ አሁን በጣም ተስተካክለዋል። እንግዶቹ ስሜን ጠርተው የት እንዳለሁ ሲጠይቁ፣ እርስዎ ልጅቷ ለሌላ ቃል ገብታለች ብለው እንደመለሱላቸው የክፍል ጓደኛዬ አማን ነግሮኛል፤ እሱ እዚያው ቆሞ ይሰማ ነበር። ያን ቀን እኔ ለማንም ቃል አልገባሁም። አባቴም አልገባም። ቃሉ የተገባው በሳምንቱ እሑድ ነው፤ ከባለቤቶቹ ቀድመው ስላወቁት ትንቢትዎን አደንቃለሁ።

አራተኛ፤ ያ እሑድ። ሦስት ሽማግሌዎች ባላምባራስ ዋቅጋሪን ከፊት አድርገው፣ ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው ከደጃችን ቆሙ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ካለችበት ቤት እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ ጉለሌ ውስጥ ምን እንደሚታሰብ አያጡትም። እናቴ ዓለምነሽ እኔን ወደ ጓዳ ገፍታ መጋረጃውን ሳበችው። አባቴ ፊቱ ጠቆረ። ትምህርቴን ሳልጨርስ ላይድረኝ የማለ ሰው ነውና፣ ዘመድ ላማክር እያለ ሦስት ጊዜም አራት ጊዜም ሊያመላልሳቸው ማሰቡን ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ በድምፁ አውቄዋለሁ። ባላምባራስ እንደ ወጉ ቆመው ልጅዎን ለቁም ነገር ፈልገን መጣን አሉ። ቀጥለውም የምፈለገው ለወንድ ሳይሆን ለመምህራን ማሠልጠኛ መሆኑን፣ የላኳቸውም እርስዎ መሆንዎን ሲናገሩ አባቴ በደስታ ሳቀ።

«እኔ እኮ ልጄን ለባል የጠየቃችሁኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር» አለ። «ለትምህርትማ ከሆነ ምን ምክር ያስፈልገዋል? ሰጥቻችኋለሁ፤ በሉ ተቀመጡ።»

ለጋብቻ ቢሆን ስንት ጊዜ የሚያመላልሰውን ጉዳይ በአንድ ቀን ጨርሰው፣ የቀረበላቸውን ጠላ ጠጥተው፣ እኔንም አስጠርተው መርቀውኝ ሄዱ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ ትምህርት ሁሉ አንድ ይመስለዋል፤ እኔም በዚህ አልፈርድበትም። እርስዎ ግን አባቴ የማያውቀውን ያውቁ ነበር። የሚፈራውንም ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው በወላጅ ጥሪ ፋንታ ሽማግሌ የላኩበት።

አምስተኛ፤ ምሳሌያዊ አነጋገርን በተግባር ስላስተማሩኝ። በነጋታው አባቴን እግሩ ሥር ወድቄ፣ የሚሆነኝ ሌላ ነው፣ ሽማግሌዎቹን መልሳቸው ብዬ አልቅሼ ለመንኩት። ነገሩ ሲገባው እሱም እንባው መጣ፤ ግን ባላምባራስ ፊት የወጣ ቃል አይመለስም አለኝ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት፤ ጠፍቼ ስገኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስድስተኛ ልል ነበር፤ የቀረው ግን በቁጥር የሚነገር አልሆነልኝም። ቢሮዎ መጥቼ ለምን እኔን ራሴን እንዳልጠየቁኝ የጠየቅኩዎትን ያስታውሳሉ። ህንዳዊው የሒሳብ መምህራችን ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ፣ በቦታቸው የሚተካ እንዳጡ፣ ከገዛ ልጆቹ መምህር ያወጣ ትምህርት ቤትም በበላዮቹ ዘንድ እንደሚመሰገን አስረዱኝ። ከዚያ በዚያ ደግ ድምፅዎ፣

«አንቺን ብጠይቅሽ እኮ እምቢ ትዪኝ ነበር» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከወባውም፣ ከላይብረሪውም፣ ከሽማግሌዎቹም ይልቅ ያቆሰለኝ ይህ ነው። ምናልባት እውነትዎን ነው፤ እምቢ እል ነበር። ምናልባት ደግሞ እንደ ልጅዎ አስቀምጠው ቸግሮኛል፣ አንድ ሁለት ዓመት ድረሺልኝ ቢሉኝ፣ እሺ ብዬ በደስታ እመጣ ነበር፤ ማስተማርን ንቄ አላውቅም፤ ያየሁትን መልካም ነገር ሁሉ ያሳየኝ መምህር ነው። አሁን እሺ እል ወይስ እምቢ እል እንደነበር እርስዎም አያውቁት፣ እኔም አላውቀው። አባቴን እወደዋለሁ፤ በትምህርቴ ጉዳይ ግን ከእሱ ይልቅ የማምነው እርስዎን ነበር። እሱ ሳያውቅ ሰጠኝ፤ እርስዎ እያወቁ ወሰዱኝ።

የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ምዝገባ ተዘግቷል። እኔም ለአባቴ ቃል ስል መስከረም ላይ ማሠልጠኛ እገባለሁ፤ ስለዚህ ሁሉም እንዳሰቡት ሆኗልና ደስ ይበልዎ።

ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜ ከጤና እንዲሰጥዎና ያሰቡት ሁሉ ሰው ሳይጠየቅ እንዲሞላልዎ የምመኝ፣

ሳትጠየቅ የታጨች ተማሪዎ
እሌኒ ደበላ
ጉለሌ፣ ሰኔ ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ ሥልጠናዬን ፈጽሜ እንደ ፈቃድዎ ወደ ትምህርት ቤትዎ ስመለስ፣ ልጅዎ አፀደ ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች አሉ፤ የሒሳብ መምህሯም እኔ መሆኔ ነው። ምንም ሐሳብ አይግባዎ፤ የማውቀውን ሁሉ አንድም ሳልደብቅ አስተምራታለሁ። ኮሌጅ የምትመርጥበት ጊዜ ሲደርስ የአባቷን ምክር ብታምን ይበጃት እንደሆነ ትጠይቀኝ ይሆናል፤ እኔም አልዋሻትም።