ተርቧ በናና ግቢ ላይ ያየችው

ይድረስ ለእህት ዓለሜ ለአክያ፣ ሃምቡርግ።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? የወገብሽ ሕመምስ ለቀቀሽ ወይስ አንቺ ከምታነሺያቸውና ከምታስተኚያቸው ሽማግሌዎች ጋር ተማክሮ እዚያው ቀረ? ባለቤትሽ ዲተር ደኅና ነው? መንትዮቹስ? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት፣ ከተሰነጠቀ ከንፈርና ከአንድ የፖሊስ ክስ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደኅና ነኝ። ከንፈሬን የሰነጠቀው የዘንድሮው የአቧራ ነፋስ ነው እንጂ ፖሊስ አይደለም። ይህን የማስቀድመው «ፖሊስ» የምትለዋን ስታነቢ እጅሽን ራስሽ ላይ እንደምትጭኚ ስለማውቅ ነው። አውርጂው።

ምነው አልደወለም ብለሽ ተቀይመሽኝ ይሆናል። ስልኬ አብሮ ተወስዶብኛል፣ ወዴት እንደሆነ ትደርሺበታለሽ። በሰው ስልክ ደግሞ ይህን ጉዳይ ማውራት በአሱቤንሶ ገበያ ላይ በድምፅ ማጉያ እንደማወጅ ነው። ስለዚህ እንደ አያቶቻችን ብዕር ይዤ ተቀመጥሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የጸሎት ቤታችን ዲያቆን ነው። ፖስታው ተከፍቶ ከደረሰሽ አንብቦታልና ሻይ አትስጪው።

ክፉውን ወሬ ላዘገየው ፈልጌ ነበር፣ ግን ብዕሩም እምቢ አለኝ። አክያ፣ የአባባ ፊልም አይመጣልሽም። ጠፍቷል።

ወረቀትሽ አላልቅ ብሎ ለቀብሩ መምጣት ሳትችዪ ስትቀሪ፣ «እንግዲያውስ ያነሣኸውን ላክልኝ፣ መልኩን ልየው» እያልሽ በስልክ ያለቀስሽው ለቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያነሣሁት ሊያርፍ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ቀኝ ጎኑ ከሞተ በኋላ የኮኮዋ እርሻውን ሳላይ አልሞትም ብሎ አስቸገረን። በወንበር ተሸክመን እርሻው ጫፍ ላይ አስቀመጥነውና ድሮኔን አስነሣሁለት። «ይቺ ተርብ» ይላት ነበር። ዛፎቹን ከላይ በስልኬ መስታወት ሲያይ እንደ ልጅ ሳቀ። ከዚያ «ይኼ ሥዕል ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳላስብ «ለአክያ እልክላታለሁ» አልሁት። አባባ በዚያች ደቂቃ አንቺ በተርቧ ዓይን ውስጥ ሆነሽ የምታዪው መሰለው። ቀና ብሎ አነጋገረሽ። ያለውን ከደብዳቤው መጨረሻ ላይ እጽፍልሻለሁ። አሁን ከጻፍሁት ቀሪውን አታነቢውም።

ለምን ያን ዕለት አልላክኸውም ትዪኝ ይሆናል። እኔም ራሴን እንዲሁ እላለሁ፣ በተለይ ጥርሴን ስፍቅ። ያደግንበትን ቤት ከላይ አንሥቼ ልጨምርበት፣ አሳምሬ በአንድ ልላክ ብዬ ነው። ታውቂኛለሽ፣ እኔ ሸሚዝ ስተኩስ የቅዳሴው ሰዓት የሚያልፍብኝ ሰው ነኝ።

ቤታችንና የአለቃችን የናና ግቢ አጥር እንደሚጋሩ አትረሺም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ተርቧን ከጓሮ አስነሣሁ። የተጠበሰ ሙዝ የምትሸጠው አክስት ሴዋ ከጎኔ ቆማ በትከሻዬ ላይ ታያለች። ጣሪያችንን፣ የማንጎውን ዛፍ፣ የአባባን መቃብር አነሣሁ። ድንገት ነፋሱ መጣና ተርቧን አንጠልጥሎ በአጥሩ ላይ አሻገራት። ስልኬ ላይ የናና የውስጥ ግቢ ቁልጭ ብሎ መጣ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ተላጭተዋል። ሴቶቹ ቀይና ጥቁር ለብሰው ክንዳቸውን ቀይ አፈር ተቀብተዋል። አራት ጎረምሶች ደግሞ የበረዶ ግግር በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ናና መኝታ ቤት ይገባሉ።

ሃምቡርግ ብዙ ቆይተሻልና ላስታውስሽ፤ የእኛ አለቃ አይሞትም፣ ወደ መንደሩ ነው የሚሄደው። ሽማግሌዎቹ እስኪያውጁ ድረስ ያቺን ሌላዋን ቃል የተነፈሰ ወዮለት። ናና ወደ መንደራቸው ከሄዱ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር፣ እኛም ደኅና ያግባቸው ብለን ነበር። ግን መንደር የሄደ ሰው መኝታ ቤቱ ውስጥ ይህ ሁሉ በረዶ ምን ያደርግለታል? አክስት ሴዋ ዓይኗን በሁለት እጇ ጋረደችና «እኔ ምንም አላየሁም! አንተም አላየህም! ይቺ ተርብህም ዕውር ናት!» ብላ ሙዟን ምድጃ ላይ ጥላ ሮጠች። መቼም ከተማው ሁሉ ያውቃል። የእኔ ጥፋት ማወቄ አይደለም፣ ማስረጃ መያዜ ነው።

መመለሻውን ቁልፍ ስጫን፣ የናና ጃንጥላ ያዥ ያን ታላቅ ጃንጥላ ዘርግቶ ወደ ላይ ወረወረው። ነገሥታትን ከፀሐይ ሲጠብቅ የኖረ ጃንጥላ የእኔን ተርብ በእጥፋቱ ጠቅልሎ አወረዳት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ ጣቢያ ነበርሁ።

የጣቢያው አዛዥ ሳጅን አግበኮ ይባላል። ከባሕር ዳርቻ ተዛውሮ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። ሕጉን በቃሉ የሸመደደ፣ ልማዱን ግን ማንም ያልነገረው ሰው ነው። «ፈቃድ አለህ?» አለኝ። «ለመዝናኛ ናት፣ ሳጅን» አልሁት። «በሰው ግቢ ላይ ሆነህ ነው የምትዝናናው?» «ነፋሱ ነው የወሰዳት።» «ታዲያ ነፋሱን ልሰረው?» ብሎ መዝገቡን ገለጠ። ከሳሽ ሆኖ የቀረበው የናናን ቃል ለሕዝብ የሚያደርሰው አፈ ንጉሥ፣ ሽማግሌው አምፖፎ ነው። ሳጅኑም በትሕትና «ግቢው የግል ነው፣ ስለዚህ ባለቤቱ ራሳቸው ቀርበው ቃላቸውን ይስጡ» አለው። «ናና መንደር ሄደዋል» አለ አምፖፎ። «መቼ ይመለሳሉ?» አምፖፎ ጣሪያውን አየ። «በስልክ እናግኛቸዋ!» «የሄዱበት ስልክ አይሠራም።» «እንግዲያው አድራሻቸውን ስጡኝና መጥሪያ ልላክላቸው።» በሩ ላይ የቆመው የአገራችን ልጅ ፖሊስ በሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ። እኔ ግን አልሳቅሁም፣ ሳጅኑ ፊልሙ ያለባትን ካርድ ከተርቧ ሆድ አውጥቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ እየከተታት ነበር።

መጀመሪያ የመጣው አባባ ነው። ሳጅኑ ቆቡን አውልቆ አየውና «አባትህ ናቸው?» አለኝ። «ነበር» አልሁት። ከዚያ ቅዳሜ መጣ፣ የተላጨው ራስ መጣ፣ በረዶው መጣ። ሳጅን አግበኮ ጠረጴዛውን መትቶ «እንዴ! ታዲያ ሰውዬው ሞተዋላ!» ብሎ ጮኸ፤ እንዲያም ብሎ ጻፈው። አምፖፎ በትሩን መሬት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መታ። በማግስቱ የመንግሥት ሕግ አንድ በግና ሁለት ጠርሙስ ጂን ይዞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ናና ደጅ ላይ ይቅርታ ሲለምን በዓይኔ አየሁ። መዝገቡም ታረመ። አሁን የሚለው «ባለቤቱ መንደር ስለሄዱ ቃላቸውን መስጠት አልቻሉም» ነው።

ሳጅኑ ግን ክፉ ሰው አይደለም። ለብቻዬ ጠርቶኝ «ወንድሜ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ከሄደ ካርዷ ማስረጃ ናት፣ ጉዳዩ ሲያልቅ በሕግ ትመለስልሃለች። ብቻ ችሎት ላይ ሰው ሁሉ እያየ መታየት አለባት። አለዚያ ካርዷን ለሽማግሌዎቹ ትተህ በእርቅ ትጨርሳለህ። ምረጥ» አለኝ። ወደ አጎታችን ወደ ቦአቺ ሄድሁ። እሱ የቤተሰቡ ራስ ነውና ያለ እሱ ቃል አፌን አልከፍትም። «አሳያቸው» አለኝ ሽሙጥ በሞላው አፉ። «አሳያቸውና ለፋሲካ በቆረጥነው በአባትህ ታላቅ የለቅሶ ቀን ከበሮውን ሳጅኑ ይምታልህ። ወጡንም ዳኛው ይሥራልህ። አባትህን ተሸክመው የቀበሩትን ሰዎች አለቃቸውን በበረዶ ላይ አሳይተህ ከዚያ ቀና ብለህ ልትሄድ ነው?» ፍርድ ቤቱን ተውሁት።

አምፖፎን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንሁት። «የአባቴን ብቻ ልቅዳና ሌላውን ውሰዱት» አልሁት። «ያየ ዓይን በግማሽ አይወጣም፣ ልጄ» አለኝ። «በግ ነው እንዴ፣ ይቺን ለኔ ይቺን ላንተ የምንባባልበት?» ካርዷንም ስልኬንም በቀይ ጨርቅ ሰፍተው ናና ለመንደራቸው ከሚይዙት ዕቃ ጋር፣ ከወርቁና ከጫማቸው አጠገብ አስቀመጧት። መቼ ተሸኘች ብለሽ አትጠይቂኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይታይም፣ እኔም ካሁን ወዲህ ከላይ ማየት ትቻለሁ። ሰኞ ሰኞ ጣቢያ እየሄድሁ እንዳልበረርሁ እፈርማለሁ። ተርቧ ክንፏ ተሰብሮ ወጥ ቤት ተሰቅላለች፣ ዶሮዎቹ ብቻ ይፈሯታል።

አንድ ነገር ግን ሌሊትም ቀንም ያስቀኛል። አባባ በእርሻው ድንበር ክርክር ዘጠኝ ዓመት የናና ደጅ ጠና። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ናና ተኝተዋል» ተባለ እንጂ ከውጭው በር አላለፈም። አሁን ናና በእርግጥ ተኝተዋል፣ አባባም ከካርዷ ጋር ገብቷል። ክርክሩን ፊት ለፊት ይጨርሱት።

ዲተርን ሰላም በይልኝ። መንትዮቹን በአጎታቸው ስም ጉንጫቸውን ቆንጥጪያቸው። አጎታችን ቦአቺ «ጸልዪልን፣ ልጅትን ደግሞ አትቆጪያት» ብሎሻል፣ የትኛዋ ልጅ እንደሆነች አልነገረኝም፣ ካረጀ ወዲህ ሁላችሁንም «ልጅት» ነው የሚለው። አክስት ሴዋ ሰላም ትልሻለች፣ ዓይኗን ግን እስከ ዛሬ ከእኔ ትሰውራለች። ሳጅን አግበኮም «የእህትህን ኀዘን ሰምቻለሁ በልልኝ» ብሏል፣ ሌላ ሊል የሚፈቀድለት ነገር የለም።

የቀረችው የአባባ ሰላምታ ናት። ካርዷ ላይ ነበረች፣ አሁን የእኔ ራስ ውስጥ ብቻ ነው ያለችው፣ ስለዚህ ሳልረሳ እንዳለ ልጻፍልሽ። ተርቧ ከፊቱ ስትቆም ቀና አለና ግራ እጁን አወዛወዘ። ከዚያ አፈረ። እንዲህም አለሽ፦ «አክያ፣ በግራዬ ሰላም ስላልሁሽ ይቅር በይኝ፣ ቀኙ ከኔ በፊት ሄዷል። ታየሁሽ? እኔ አይቼሻለሁ፣ ከስተሻል። በይ አሁን ወደ ቤትሽ ግቢ። ብርድ ላይ ቆመሽ እኔን አትጠብቂ።»

ወንድምሽ ክዋቤና

አሱቤንሶ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.