የአደይ ቋጠሮ

ካባላጋላ፣ ካምፓላ
ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም.

ውድ አረጋሽ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ፖስታ ቤት ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ወደ እናንተ አገር አሁን ምንም አይሄድም አሉኝ። ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ሱቁን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ዘግቼ እከፍታለሁ። ትናንት ሽሮ ለጠየቀችኝ ሴት በርበሬ መዝኜ ሰጠኋት። «ኩልሱም፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ» ብዬ ጓዳ ገባሁና እስክትሄድ ድረስ እዚያው ቆየሁ። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ነገሩም የአንቺው ነው፤ የቋጠሮው ነገር ነው። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ከመሃል ስጀምር ትቆጪኛለሽ።

አምና መጋቢት በኮሮና ትምህርት ቤት ሁሉ ሲዘጋ፣ የምታስተምሪበትም ቦታ «ስንከፍት እንጠራችኋለን» ብሎ ሲያሰናብታችሁ፣ ሻንጣሽን እየጎተትሽ ከንሳምብያ ወደ እኔ ወረድሽ። «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ነበር ያልሽኝ። ክረምቱ መጥቶ ሄደ፣ አንቺ ግን አልጋዬን ተካፍለሽ፣ ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ከጎረቤት እያስመጣሽ፣ እንቁላሉን ለብቻ ቂጣውን ለብቻ እየበላሽ ከረምሽ። ከተማው ጭር ብሎ ነበር፤ ቦዳ የሚሉት ሞተር ሰው እንዳይጭን ተከልክሎ፣ ሱቁ ደንበኛ አጥቶ። ተማሪ ስታጪ እኔን ተማሪ አደረግሽኝ።

መጽሐፍሽ የእኔ መሳቢያ ነበር። የሺሊንግ ኖቶቹን እያወጣሽ ባንኮኒው ላይ ትደረድሪያቸዋለሽ። ሁለት ሺው ላይ ያለው ዓሣ የትልቁ ሐይቅ ነው፣ ሃያ ሺው ላይ ያለው ቀንዳም ከብት የምዕራቡ ሜዳ፣ ሃምሳ ሺው ላይ ያሉት ጎሪላዎች የኮንጎ ድንበር ጫካ። ታሪኩንም ከዚያው ነበር የምታወጪው፤ እንግሊዝ መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደወጣ፣ ሕንዶቹ እንዴት ሱቃቸውን ጥለው በአንድ ሻንጣ እንደተባረሩ። እኔ ስንት ዓመት በዚያ ገንዘብ ስነግድ ዓሣውን አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። «ነጋዴ ገንዘብ ይቆጥራል እንጂ መቼ ያያል» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ተናደድኩ። እውነትሽን ስለነበር ነው የተናደድኩት።

ደግሞ ያ የወንዝ ነገር። ዕቃዬ ከሞምባሳ ተነስቶ ማላባ ድንበር ላይ፣ ሾፌሮቹ እስኪመረመሩ ተብሎ ሲቆም፣ እኔ ስልክ ላይ ስጮህ፣ አንቺ ካርታሽን ዘርግተሽ «አንቺ ምን ዓይነት ነጋዴ ነሽ? ከአንዱ ወደብ አልባ አገር ወጥተሽ ሌላው ወደብ አልባ አገር ትገቢያለሽ?» አልሽኝ። «አንቺስ?» ስልሽ ጣትሽን ካርታው ላይ ነዳሽው። ከጂንጃ የሚወጣው ነጭ ዓባይ ሱዳንን አቋርጦ ባሕር ይገባል። የአንቺ ተከዜም ዞሮ ዞሮ እዚያው ይገባል። «የአንቺ ጊቤ ግን» አልሽኝ፣ «ኦሞ ብሎ ወርዶ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ወንዝሽም እንዳንቺ መውጫ የለው።» ያን ቀን ራትሽን አልሠራሁልሽም፤ ታስታውሺያለሽ አይደል?

መስከረም ላይ የእንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ሲከፈት መጀመሪያ ትኬት ከቆረጡት አንዷ ሆንሽ። የእናትሽን ሙት ዓመት አልቀርም አልሽ። በር ላይ ታክሲው ጡሩምባ እየነፋ፣ አንቺ ከሻንጣሽ ሥር ያንን ነገር አወጣሽው። የእናትሽ፣ አደይ የምትያቸው፣ መቀነት ነው፤ ጫፉ ጡጫ አክሎ በድርብ ተቋጥሯል። ከቀብራቸው ይዘሽው እንደመጣሽ አውቃለሁ፣ ሳትፈቺው እንዳስቀመጥሽውም አውቃለሁ። ያኔ አንቺ በእጄ ስታስጨብጪኝ ውስጡ ወረቀት እንደሆነ ተሰማኝ።

«ይዘሽው ሂጂ እንጂ» አልኩሽ። «ብር እየተለወጠ መሆኑን አልሰማሽም? አሥሩም፣ ሃምሳውም፣ መቶውም። ሦስት ወር ነው የሰጡት። ካለፈ በኋላ ማንም አይቀበልሽም።»

ሳቅሽ። «ኩልሱምዬ፣ አደይ በእጇ የቋጠረችው ነው። እሷ አገር ደግሞ ብፈታው ለቅሶው ይመለስብኛል። ስመለስ አብረን እንፈታዋለን። አደራ፣ እንዳትፈቺው።»

«ብሩስ?»

«ስለ ብሩ አንቺ አታስቢ።»

ታክሲው ውስጥ ገብተሽም ትስቂ ነበር። ምን እንደሚያስቅሽ አልገባኝም። የተማረ ሰው ገንዘብ ይንቃል ብዬ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ ወይም ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ደውለሽ ተዝካሩ በደንብ እንዳለፈ ነገርሽኝ፣ በኅዳር እመጣለሁ አልሽኝ፣ በርበሬ ላምጣልሽ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። የወሩ መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ተነሳና ስልኩ ጠፋ። ያቺ ሴትዮ ብቻ ቀረች፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም የምትለዋ። በጠዋት እደውላለሁ፣ እሷ ናት። ከሰላት በኋላ እደውላለሁ፣ እሷ ናት። አንድ ቀን «አውቄያለሁ፣ ሌላ ነገር ተናገሪ» ብዬ ጮህኩባት፤ ፖሾ፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ሊገዛ የገባ ሰው ወደ ኋላው ወጣ። እዚህም በኅዳር ካትዌ በኩል ጎማ ሲቃጠልና አስለቃሽ ጭስ ሲተኮስ ነበር፤ ምርጫ እየመጣ ነው። እኔ ግን ዓይኔ ሲያለቅስ ከጭሱ ይሁን ከአንቺ መለየት አቅቶኝ ነበር።

ቋጠሮው አላስቀምጥ አለኝ። ብረት ሣጥኑ ውስጥ አደረግሁት፤ ሌባ መጀመሪያ የሚከፍተው ሣጥኑን ነው ብዬ አወጣሁት። ሩዝ ጆንያ ውስጥ ከተትኩት፤ አይጥ ትዝ አለኝ። ትራሴ ሥር አደረግሁት፤ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። ወገቤ ላይ ታጠቅሁት፤ እናትሽ የታጠቁት መሆኑ ትዝ ሲለኝ ፈታሁት። የመለወጫው ቀን ደግሞ እየሄደ ነው።

በመጨረሻ ኃይለልዑልን አገኘሁት፤ አየር መንገድ የሚሠራው፣ ናጉሩ ያለው፣ ለልጁ ልደት ከእኔ ቅመም የሚወስደው። የመለወጫው ቀን ከማለቁ በፊት አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል። ነገሩን ስነግረው በጥሞና ሰማኝ።

«ደስ እያለኝ እለውጥልሻለሁ» አለኝ። «ግን የተቋጠረ ነገር አልይዝም። ጉምሩክ ላይ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? የማላውቃቸው ሴት መቀነት ነው፣ ውስጡን አላየሁትም ልበል? ፍቺውና ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ ይታወቅ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።»

ልክ ነው። 

አረጋሽ፣ አባቴ ጅማ ላይ ሱቅ ነበረው፤ ሰው ሁሉ አደራ የሚያስቀምጠው እሱ ጋ ነበር። ባለቤቱ ሳይመጣ የተፈታ አደራ አንድ ብቻ አስታውሳለሁ። የሰውየው መርዶ ከተሰማ በኋላ ነው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ አባቴ እያለቀሰ የፈታው። ከዚያ ወዲህ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ አደራ የሚፈታው ወይ ባለቤቱ ሲመጣ ነው ወይ ሲሞት። አንቺ አልመጣሽም። ታዲያ ብፈታው ምን ማለቴ ነው? እጄ ቋጠሮው ላይ ሲያርፍ የአንቺን ድንኳን እየተከልኩ መሰለኝ። ባልፈታው ደግሞ የእናትሽ የዕድሜ ልክ ልፋት እጄ ላይ ወረቀት ሊሆን ነው። ኃይለልዑል ከሄደ በኋላ ከሱቁ ጓዳ፣ ከጓዳው ሱቅ ስመላለስ ዋልኩ።

ጃጃ ናምቦዜን፣ አከራያችንን፣ ግቢ ውስጥ ማቶኬ፣ ያንን የሚቀቀል ጥሬ ሙዝ፣ ስትልጥ አገኘኋት። «ልጄ፣ ተቀመጪ፤ እግርሽ ሲሄድ እኔ ደከመኝ» አለችኝ። ባለኝ እንግሊዝኛና ባለኝ ሉጋንዳ ነገርኳት። ቢላዋዋን አላቆመችም።

«ይህ አገር ስንት ጊዜ ሴንቴውን፣ ገንዘቡን፣ እንደለወጠ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ያ ሕንዶቹን ያባረረው ጄኔራል ፎቶውን ገንዘቡ ላይ አድርጎ ነበር። ሲባረር ፎቶውም አብሮ ተባረረ። በኋላ ደግሞ ሁለት ዜሮ ቆረጡለት፣ ከቀረውም ቀረጥ ወሰዱ። እኔ ሁሉንም አይቻለሁ። ወንድሜ በጦርነቱ ጊዜ በሐይቁ ተሻግሮ ኬንያ ሲሸሽ የታሰረ የቆርቆሮ ጣሳ ሰጥቶኝ ነበር። እንዳትከፍቺው አለኝ።»

«ከፈትሽው?»

«አልከፈትኩም። የጄኔራሉ ገንዘብ ሊሞት ነው ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ፤ ሰው ሁሉ ባንክ በር ላይ ተሰለፈ፤ እኔ ቆርቆሮውን ታቅፌ ቤቴ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ተመለሰ። እንዳሰረው አስረከብኩት። ከፈተው፤ ያ ፊት ሞልቶበታል። ክዳኑን መልሶ ገጥሞ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲያ እስኪሞት ድረስ ቤቴ ምሳ አልበላም።»

«ቃልሽን ስለጠበቅሽ?»

አሁን ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ቃሌን ለመጠበቅ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ከከፈትኩት የሚሞት መስሎኝ ነበር። እሱ ደግሞ ይህን ፊቴ ላይ አየው። በሕይወት ያለ ሰው፣ ይሞታል ብለሽ እንደተቀመጥሽ ሲያይ ደስ አይለውም።»

ማቶኬዋን አነሳችና ገባች። እኔ እዚያው ቀረሁ።

በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ፣ ሱቁን ሳልከፍት፣ ባንኮኒው ላይ፣ አንቺ ኖቶቹን የምትደረድሪበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ቢስሚላህ አልኩ። ቋጠሮው እንቢ አለኝ። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ በመርፌ ሞከርኩ፣ በመጨረሻ በጥርሴ ያዝኩት። የእናትሽ እጅ ብርቱ ነበር ለካ። ሲላላ ልቤ አብሮ ላላ፤ ልተወው ብዬ ተነስቼ በሩ ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ።

አምስት ብር። ሌላ አምስት ብር። እያንዳንዷ አራት ታጥፋ። ሁሉም፣ አረጋሽ፣ ሁሉም ባለ አምስት ብር ነው። አንድ አሥር የለበትም፣ አንድ ሃምሳ የለበትም። አምስት ብር ደግሞ አልተለወጠም።

ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ሳቅሁ መሰለኝ፤ ጃጃ ናምቦዜ ለቅሶ መስሏት ሮጣ መጣች። ያኔ ነው የታክሲው ሳቅሽ የገባኝ። አንቺ ታውቂ ነበር። እንደ እናትሽ ቲማቲምና በለስ ስትሸጥ የኖረች ሴት እጇ ላይ ምን እንደሚቀር ታውቂ ነበር። አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? «አምስት ብር ነው ኩልሱም» ብትይኝ? ያን ያህል ሌሊት ነቅቼ፣ አባቴን አስታውሼ፣ ድንኳንሽን ተክዬ! ተናድጄብሻለሁ፤ ስትመጪ እነግርሻለሁ።

ኃይለልዑል ሲመጣ መቀነቱን አሳየሁት።

«አምስት ብርማ እንዳለ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«እና ምን ልውሰድልሽ?»

«ምንም። በሰላም ግባ። እዚያ ከሰሜን የመጣ ሰው ካገኘህ ግን ስሟን ጠይቅልኝ።»

ስምሽን ወረቀት ላይ ጽፎ ኪሱ ከተተው። እስካሁን አልተመለሰም፤ መኪና በቆመ ቁጥር ከሱቅ እወጣለሁ።

ብሩን አልቆጠርኩትም። እንደታጠፈ መልሼ መቀነቱ ውስጥ አደረግሁትና ልቋጥረው ሞከርኩ። ጨርቁ ላይ የእናትሽ እጥፋት አለ፤ የት ተጣጥፎ የት እንደታሰረ ይታያል። በዚያው መስመር ስሄድ ይላላብኛል፣ በራሴ መንገድ ሳስረው ሌላ ነገር ይመስላል። ሦስቴ አሰርኩ፣ ሦስቴ ፈታሁ። ጃጃ ቆማ ታየኝ ነበር።

«እንግዲህ ፈታሽው» አለችኝ። «ጓደኛሽ ሞተች?»

«አልሞተችም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ገንዘቧ አሁንም ይሠራል» አልኳት።  እሷም ሳትስቅብኝ፣ ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

መቀነቱን ክፍቱን አጥፌ ልብስሽ መሃል አስቀምጬዋለሁ። ልብስሽ እንዳለ ነው፣ ያቺ ካርታሽም ግድግዳው ላይ ናት። ጠዋት ጠዋት ተከዜን በጣቴ እከተለዋለሁ፤ ባሕሩ ጋ ስደርስ ወደ ላይ እመለሳለሁ። ጊቤንም አልረሳሁትም፤ እሱ እንዳልሽው ሐይቁ ውስጥ ቀርቷል፣ እኔም እዚሁ ነኝ። ሱቁን አልለቅም፣ ቁጥሬን አልቀይርም፣ የአልጋውንም ግማሽ ለማንም አላከራይም።

አብረን እንፈታዋለን ብለሽኝ ነበር፤ አላስቻለኝም፣ ብቻዬን ፈታሁት። እንደ እናትሽ መቋጠር ግን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ነይና ቋጥሪው።

ኩልሱም