ባለጥርሱ ሐዲድ

ይድረስ ለልጄ ለታምራት፣

ከተለየኸኝ ወዲህ የጆሃንስበርግ ብርድ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ተናድጃለሁ። ለቅሶው አልቆ ንዴቱ አላልቅ አለኝ።

የሞትክ ዕለት፣ እኔ ከሆስፒታል ሳልመለስ፣ ጓደኞችህ ቤሪያ ሰፈር ያለውን ቤታችንን ለለቅሶ አዘጋጁ። ለፍራሽ ቦታ ጠበበ ብለው ተራራህን ነቀሉት። ከሱቅ ባመጣኸው የእንቁላል ካርቶን ለትንሿ ባቡርህ የሠራኸውን፣ ጫፉን ነጭ የቀባኸውን ተራራ ቆራርጠው ሣጥን ውስጥ ከተቱት።

ባቡሯን የምትጎትተው ቀይዋ ሎኮሞቲቭ ተርፋለች። ጣሪያዋ ላይ ሆኖ ሽቦውን የሚነካው ክንድ እንኳ አልታጠፈም። ግን በሁለቱ ሐዲዶች መሀል የነበረውን፣ ጥርሱን አንድ በአንድ በሞረድ ያወጣህለትን ብረት፣ ቁርጥራጭ መስሏቸው ከቆሻሻ ጋር ጣሉት። ያለ እሱ ሆዷ ሥር ያለው ባለጥርስ መንኮራኩር የሚይዘው የለውም። ተራራውን ከሣጥን አውጥቼ ገጣጥሜ ሽቅብ ሳስነሳት፣ ባለችበት ትሽከረከርና ቁልቁል ትንሸራተታለች።

ከነቀሉት አንዱን፣ ቮስሎሩስ ሰፈር ስፓዛ ሱቁ ውስጥ አብሮህ ይሠራ የነበረውን ደሳለኝን፣ ለምን ጣላችሁት ብዬ ጠየቅሁት። "እማማ፣ ሰው ሞቶ ለመጫወቻ ይታዘናል እንዴ?" አለኝ። ከቤቴ አስወጣሁት።

መጫወቻ ብሎ ጠራት። ቀኑን ሙሉ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦ ስትሸጥ ውለህ ስትመጣ፣ ፊትህ የሚፈታው እሷን ስታይ ነበር። ድሮ በጠባብ ሐዲድ፣ በኤሌክትሪክ፣ በረዷማ ተራራ ይወጡ የነበሩትን እውነተኞቹን ባቡሮች በስልክህ ታሳየኝ ነበር። የሚወርደው ባቡር በሽቦው በኩል ለሚወጣው ኃይል ይልካል ያልከኝ ትዝ ይለኛል። አንተንም የተቆጣሁህ በዚህ ነው። የደረትህን ሕመም ጉንፋን ነው እያልክ ደበቅከኝ። አንተ ወረድክ፤ ለእኔ ምን ላክህልኝ?

ደሳለኝ አንገቱን ደፍቶ ተመልሶ መጣ። ሞረድህንና አንድ ቀጭን ብረት አቀበልኩት። አሁን እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጥርስ ያወጣል። የመጀመሪያው ብረት ጥርሱ ስላልገጠመላት ሎኮሞቲቯ እምቢ አለች፤ አስጣልኩትና እንደገና ጀመረ። ሻይ እሰጠዋለሁ። ይቅር ግን ገና አላልኩትም።

አዲሱ ጥርስ እስከ ደረሰበት፣ እስከ መጀመሪያው ኩርባ ትወጣለች። ከዚያ በላይ ሐዲዱ ልሙጥ ስለሆነ፣ እንዳትንሸራተት በእጄ እይዛታለሁ። ጫፉ ላይ እስክትደርስ እይዛታለሁ። ከደረሰችም በኋላ አልረሳህም፣ ልጄ።

እናትህ