ሁለቱ ነጥቦች ተቀራርበዋል

ውድ ኮምፓስ፣

«በሞዴሉ ላይ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ርቀት በእጅጉ ጠቧል። ስለዚህ በድንበሩ ድልድይ አጠገብ ያለውን ትምህርት ቤት መዝጋትም ሆነ ተማሪዎቹን ማራቅ አያስፈልግም። የከፍተኛ ተንታኙ ተቃውሞ ከቤተሰባዊ ስጋት የመነጨ በመሆኑ አልተካተተም።»

ከፈረምክበት ሪፖርት ቃል በቃል ገለበጥኩት፤ በኋላ እንዲህ አላልኩም እንዳትል። ከፍተኛ ተንታኙ እኔ ነኝ። ቤተሰብ ያልካት ታናሽ እህቴ ናት፤ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት። በተማሪነታችን ሸሚዝህን እየተኮሰች «ይሄ ልጅ ሚስቱንም በኮምፓስ ለክቶ ነው የሚያገባው» ብላ ይህን ስም ያወጣችልህ እሷ ናት።

ሞዴሉን አውቀዋለሁ። አገር ነጥብ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ባሰማው ተቃውሞ መጠን ነጥቦቹ ይራራቃሉ። ጎረቤታችን በየሳምንቱ የተቃውሞ መግለጫ ሲልክ ነጥቡ ራቀ። ከክረምቱ ወዲህ አንድም አልላከም፤ ነጥቡ ተጠጋን። አንተ ይህን መግባባት አልከው። ሰው በአጥር ምክንያት መጨቃጨቁን ድንገት ሲተው የግድ ታርቆ ነው? መጥረቢያውን እየሳለም ይሆናል። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ሲባል አልሰማህም? ከዚያ የቀረበ ጉርብትና ከየት ይመጣል?

እሁድ እህቴ ደወለችልኝ።

«ወንድምዓለም፣ የማዶ ጉምሩኮች እኮ ጨዋ ሆኑ።»

«እንዴት?»

«ድሮ ለአንድ ጆንያ ሲሰድቡን ይውሉ ነበር። አሁን እጅ ነስተው ያሳልፋሉ። ስድባቸው ናፈቀኝ ብልህ ታምናለህ?»

ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከማዶ እየተሻገሩ ይማሩ የነበሩት ልጆች በሙሉ መቅረታቸውን ነገረችኝ። ወላጆቻቸው አመስግነው ነው የወሰዷቸው። አንዷ እናት ግን ከበሩ ተመልሳ «እትዬ፣ አንቺስ ሌላ አገር ዘመድ የለሽም?» ብላ ጠየቀቻት።

ይህን ጥያቄ ከየትኛው ነጥብህ አጠገብ ታስቀምጠዋለህ?

ነይልኝ ብዬ ለመንኳት። «ልጆቹን ለማን ጥዬ? የተጻፈ ትእዛዝ አምጣልኝና ሁላችንም እንወጣለን» አለች። ያን ትእዛዝ ያስቀረው ያንተ ፊርማ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ እሷ እሄዳለሁ። እስከ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ፣ ፈርመህበት፣ በጽሑፍ መልስልኝ፤ ዝምታቸውን ስንት ርቀት ብለህ ለካኸው? በስልክ አትደውል። ከዓርብ ያለፈ መልስ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ይላክ፤ የሚቀበለው ሰው ከተገኘ።

የርዕሰ መምህርቷ ወንድም