«ውጣ» ላይ የተቆረጠው ሸክላ

ውድ ምስክር፣

«ውድ» ያልኩህ በጎልማሶች ትምህርት ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ብለው ስላስተማሩን ነው። ልቤ ያቀረበልኝ ቃል ሌላ ነበር።

ያሳተምከው ሸክላ ደርሶኛል። ልጄ አቢጋኤል ከአዲስ አበባ ይዛው መጣች። ማጫወቻ ስለሌለን እዚያው ሆሳዕና መናኸሪያ፣ ፈትሁዲን ሻይ ቤት ተቀምጠን ያንኑ ሙዚቃ በስልኳ ከፈተችልኝ። መጀመሪያ የእንሰት መፋቂያችን ድምፅ መጣ። ከሥሩ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ዱም ዱም የሚል ነገር አለ። ቀጥሎ እኔ መጣሁ። «ውጣ! ዓይንህን እንዳላይ! ውጣ! ውጣ!»

ፈትሁዲን ብርጭቆ እንደያዘ ቆመ። «እትዬ እህተማርያም፣ ማንን ነው እንዲህ የሚያባርሩት?»

«የወንድሜን ልጅ።»

«ያንን ያሳደጉትን የሙት ልጅ? ኧረ በአላህ!»

አንዱ ተሸካሚ ከበር ላይ፣ «እኔ ደግሞ ሌባ የያዙ መስሎኝ ዱላ ልፈልግ ነበር» አለና ሻይ ቤቱን አሳቀው። እኔ አልሳቅኩም።

አቢጋኤል ልታበርደኝ ሞከረች። «እማ፣ ቴክኖ የሚሉት ሙዚቃ እኮ ነው። ውጭ አገር ምድር ቤት ውስጥ ይጨፈርበታል። በሸክላው ጀርባ ያሉት ሪሚክስ ናቸው፤ ሌሎች ሰዎች ያንኑ እንደገና ሠርተውት ነው።»

«እነሱም እኔኑ ነው የሚያስጮኹት?»

«አዎ» አለች ቀስ ብላ።

እንሰት ስንፍቅ ወንድ እንደማይጠጋ አሳምረህ ታውቃለህ፤ እዚሁ ግቢ ነው ያደግከው። ቀሚሳችንን እስከ ጭናችን ሰብስበን፣ አንድ እግራችንን ጣውላው ላይ ሰቅለን ነው የምንሠራው። አንተ ግን ያን ቀን ማዳመጫ ጆሮህ ላይ ደፍተህ፣ መቅረጫህን ይዘህ ከቅጠሉ ኋላ አድፍጠህ ተገኘህ። ጎረቤቶቼ ያፈሩት ማፈር እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ ነው። ማባረሬ ልክ ነበር። ነገም ብታደርገው አባርርሃለሁ።

ግን አጥሩ ጋ ስትደርስ ምን አልኩህ? «ቆይ አንተ! ሳትበላ የት ትሄዳለህ? ቆጮው ወጥቷል፣ ተመለስ!» መፋቂያውን እንደያዝኩ እስከ መንገዱ ተከተልኩህ። ዞር ሳትል ሄድክ። ከዚያ ወዲህ ስልክም አልደወልክ። እኔ ሞኟ፣ ያ ማዳመጫ ጆሮውን ደፍኖት ነው፣ አልሰማኝም እያልኩ ስከራከርልህ ከረምኩ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ የመጨረሻው ሪሚክስ ሲመጣ ዱምዱምታው ቆመ። መፋቂያውም ቆመ። ከሩቅ የራሴን ድምፅ ሰማሁ፤ «ሳትበላ የት ትሄዳለህ? ተመለስ! ተመለስ!» ያ ተሸካሚም ሳቁን ዋጠ።

«ይሄን የሠራው ማነው?» አልኳት።

«ፈረንጅ ነው እማ። ሃዲይኛ አንድ ቃል አያውቅም። ምስክር የላከለትን ቅጂ እንዳለ ነው የተጠቀመበት።»

እንግዲህ መቅረጫህ ሰምቶኛል። አንተም ሰምተኸኛል። ቋንቋዬን የማያውቅ ሰው እስከ መጨረሻው አስጨረሰኝ፤ እኔ አፍ ያስፈታሁህ አንተ «ውጣ» ላይ ቆረጥከኝ። ወሬውም ከእኔ ቀድሞ መንደር ገብቶ ጠበቀኝ። የሙት ልጅ ከቤት ያባረረች ሴት ሆኛለሁ። ያንን የሚሰማው ሁሉ ደግሞ እስከ መጨረሻው አይሰማም፤ ሰው ስድቡን ሰምቶ ነው የሚሄደው።

ሸክላውን አልሰብረውም። ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ መጥተህ ትወስደዋለህ። እንደገና ስታሳትም ያልኩትን በሙሉ አስገባው። አልፈልግም ካልክ ደግሞ ፊቴ ቆመህ «አልሰማሁም» በለኝ፤ ያንን ቅረጸው።

ስትመጣ ከውጭ ሆነህ ተጣራ። እንሰት ላይ ከሆንን አሁንም ውጣ ነው የምልህ። ውጣ፤ ግን አጥሩ ጋ ስትደርስ ቁም፣ ጨርሼ እስክናገር።

ሳትበላ የማትሸኝህ አክስትህ፣
እህተማርያም