ከላይ ሦስተኛው

ሐሙስ፣ ጥር 14

ዛሬ አብሮኝ የሚሠራው ቢንያም ላይ ያልጮኽሁት የኔታ አጠገቤ ስለነበሩ ብቻ ነው። የኔታ ቅኔ ያስተምራሉ፤ ዓይናቸው አያይም። እኛ በነጻ የምንሠራውን የግእዝ መዝገበ ቃላት ድረ ገጽ ስልካቸው እያነበበላቸው ነው የሚጠቀሙት። ማውጫውን እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘውታል፤ ከላይ ሦስተኛው «ቃል ላክ» ነው። ሰሞኑን ያ ሦስተኛው ጠፍቶባቸው ዛሬ ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ እኛ ዘንድ መጡ።

ቢንያም የፊት ገጹን ማውጫ ብቻ አገላብጦታል። «ቃል ላክ»ን «አስተዋጽኦ» ብሎ ከታች ወሽቆታል፤ ሌሎቹ ገጾች ላይ ግን የድሮው እንዳለ ነው። ምነው እንዲህ አደረግኸው ብዬ ብጠይቀው፣ «ለዓይን ሸጋ እንዲሆን» አለኝ። ለዓይን! ያውም የኔታ ፊት! አጉል አዋቂ! በጥፊ ላጮለው አማረኝ።

«ተወው ልጄ» አሉኝ የኔታ። «እኔ ጭንቅላቴ የከዳኝ መስሎኝ ነበር። አንዴ እዚያ፣ አንዴ እዚህ ይሆንብኛል። የያዘውን የሚጥል ራስ ምን ያስተምራል ብዬ ተማሪዎቼን አሰናብቻለሁ።»

ቢንያም አንገቱን ደፋ። ምንም አላዘንሁለትም።

የኔታን መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼ ስመለስ ስሙን እያሳየሁ ላሳፍረው የለውጦቹን መዝገብ ከፈትሁ። ለውጡን የሠራው ቢንያም ይላል። ከሥሩ ደግሞ ተመልክቶ ያጸደቀው ይልና የእኔ ስም አለ።

ሁለት ዓይን ይዤ፣ ገጹን አንዴ እንኳ ሳልከፍተው።